አንድ ክዳን በረኪና

«ባሏ ከሞተ እኮ አራት ዓመቱ ነው ዶክተር፤ ከማን ጋር ነው ግንኙነት የሚኖራት?» አለች ልጅቷ፣ ሳቅ እያለች።

ጥያቄው የቀረበው ለእናትየው ነበር። እናትየው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ጣቶቿ ወፍራም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የፍራሽ መርፌ ሲገፉ ኖረው ጫፋቸው እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል። ሐኪሟ በመነጽሯ አናት ላይ ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ እናትየው መልሳ ጠበቀች። ፍራሽ ሰፊዋ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የማህፀን ሥዕል ነበር የምታየው። ሮዝ ቀለም ቀብተውታል። የሰው ውስጡ እንዲህ ካማረ ምነው ይሄን ያህል ያስፈራል፣ አለች በልቧ።

«እናቴ፣ እርስዎን ነው የጠየቅሁት» አለች ሐኪሟ።

«ያው ልጄ እንዳለችሽ ነው።»

«ደሙ መቼ ጀመረዎት?»

«ባለፈው ሳምንት ነው» አለች አሁንም ልጅቷ። «የተቀመጠችበት ወንበር ላይ አይቼ ነው እኔ የነቃሁት። እሷማ ብትሞት አትናገርም። ሲያማት እንኳ የምናውቀው ሥራ ስታበዛ ነው።»

ባለፈው ሳምንት አልነበረም። ዝናቡ ሳይገባ ነው የጀመረው። መጀመሪያ እንደ ዝገት ያለች ነጠብጣብ ነበረች፤ ቆይታ መጣች፣ ጠፋች፣ እንደገና መጣች። ልጅቷ ይህን አታውቅም። እናትየው ታውቃለች፤ አውቃ ዝም አለች።

«ሰውነትዎን በምንድን ነው የሚታጠቡት?»

«በውሃ ነዋ። በውሃና በሳሙና።»

ሐኪሟ ጽፋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይስሙኝ እናቴ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ ዝም አይባልም። ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። ክፉም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እኔ ማየት አለብኝ፤ እርስዎ ደግሞ እውነቱን መንገር አለብዎት። የሚደበቅ ነገር ካለ መድኃኒቱም አብሮ ነው የሚደበቀው።» ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለው እግር ማሳረፊያ ያለው አልጋ አመለከተች። «ይምጡ እስቲ።»

ፍራሽ ሰፊዋ አልተነሳችም። እዚያ አልጋ ላይ ከወጣች ነገር ሁሉ እንደሚነበብባት እርግጠኛ ነበረች። እሷ ራሷ የሰው ፍራሽ ስትፈታ በላዩ የተኖረበትን ኑሮ ታነብ የለ? ሐኪም ደግሞ የሰውነት ፈቺ ነው።

«ዛሬ አይሆንልኝም» አለች።

«እማ!»

«አይሆንልኝም አልኩ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። መጀመሪያ አልትራሳውንዱን እንዲነሱ፣ ውጤቱ ከሰዓት ስለሚደርስ ያኔ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። «እስከዚያ ያስቡበት» አለች፤ ያለችውም ለእናትየው ብቻ ነበር።

ከአልትራሳውንዱ ሲወጡ ልጅቷ የያዘችውን ንዴት ኮሪደሩ ላይ ለቀቀችው። «ምን ሆነሻል? ወንድ ነው እንዳትዪ ሴት ናት። ሦስት ልጅ ወልደሽ ዛሬ ነው እፍረት የመጣብሽ?»

«አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

«ከሰዓት አስፈቅጄ እመጣለሁ። ብትቀሪ ግን ውርድ ከራሴ!» አለችና ጫማዋን እያንቋቋች ደረጃውን ወረደች። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ሰው ሁሉ ተማሪ የሚመስላት ቀን አለ።

የፍራሽ መስፊያው ክፍል ከክሊኒኩ ጀርባ፣ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፤ የጥጥ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሳያርፍ ሲንሳፈፍ ይውላል። የሥራ ባልደረባዋ፣ ከማታ እስከ ጠዋት የሰማችውን ሁሉ ሳታስቀር ስለምታወራ ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት ባል የሞተባት ሴት፣ አንድ ትልቅ ፍራሽ ወለሉ ላይ ዘርግታ ስፌቱን እየፈታች ነበር።

«ነይ፣ ነይ፣ ይሄን እዪ» አለቻት ሬዲዮ ገና ከበሩ። ፍራሹ በግራ በኩል አንድ ጉድጓድ፣ በቀኝ በኩል አንድ ጉድጓድ አለው፤ መካከሉ እንደ ጉብታ ቆሟል። «ባልና ሚስት ናቸው አሉ። መሃሉ ላይ ድንበር ጠባቂ ሳያቆሙ አልቀሩም!»

ሥራቸው ይሄ ነው። ያረጀውን ፍራሽ ይፈታሉ፣ የጓጎለውን ጥጥ በዘንግ መትተው ያፍታቱታል፣ ፀሐይ ያሰጡታል፣ ልብሱን ያጥባሉ፣ መልሰው ይሞሉና በሲባጎ ይወጉታል። የልብሱ እድፍ እንቢ ሲል ለአንድ ሳፋ ውሃ አንድ ክዳን በረኪና ይጨመራል። ከዚያ ካለፈ ጨርቅ ይበላል፤ ካነሰ እድፉ ይቀራል። ይህን ልክ ያስተማራት ሥራውን ያስለመዳት ሽማግሌ ነበር። ፍራሽ ሰፊዋ በዚህ ልክ ስንት አልጋ አንጽታለች፤ የሕፃን ሽንት፣ የአራስ ደም፣ የበሽተኛ ላብ። አንድ ክዳን የማያስለቅቀው ነገር አይታ አታውቅም።

ተቀመጠችና መርፌዋን አነሳች።

«እሺ፣ ምን አሉሽ?» አለች ሬዲዮ።

«ከሰዓት ተመለሺ አሉኝ።»

«ምንሽን ነው?»

«ከታች ነው።»

«ከታች!» ሬዲዮ እጇን አፏ ላይ ከደነች። «እኔ ደግሞ የኛ ምድር ቤት ተከራዩ ከለቀቀ ወዲህ የተዘጋ መስሎኝ!»

ሳታስበው ሳቀች። ሬዲዮ እንዲህ ናት፤ ለቅሶ ቤት ገብታ ሰው አስቃ የምትወጣ።

«ሐኪሟ ግንኙነት አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ውይ! ምን አልሻት?»

«ልጄ መለሰችልኝ።»

«አይ ልጆች! እኛን ከወገባችን በታች ፕላስቲክ ነው የሚመስላቸው። እነሱን ከገበያ ገዝተን ያመጣናቸው ይመስል!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ። ሬዲዮ ጥጡን በእጇ በታተነች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። በስንት ዓመት ባልደረባነታቸው ሬዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰምታት አታውቅም።

«ሰው ሲያረጅ ሁሉ ነገሩ አብሮት ይተኛል ያለው ማነው ግን? እኔ ለምሳሌ… አንዳንድ ቀን… ብቻዬን ስሆን…» አለችና ቆመች። ጓደኛዋን ቀና ብላ አየቻት። ጠበቀቻት።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «እኔም» ማለት። ፍራሽ ሰፊዋ ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ አንገቷን ደፋች፤ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

«ያንን ሲባጎ አቀብይኝ» አለች።

ሬዲዮ አቀበለቻት። ወዲያው ስለ ጎረቤቷ የሚያፈስ ጣሪያ ማውራት ጀመረች፤ ድምፅዋም ወደ ዱሮው ከፍታው ተመለሰ። የተከፈተው ተዘጋ።

ፍራሽ ሰፊዋ መርፌዋን ትገፋለች፣ ትስባለች፤ ጣሪያው የማን እንደሆነ እንኳ አልሰማችም። ሲጠይቋት እንዲህ መሸሽን ከዚህ ቀደምም አድርጋዋለች። የዛሬው ሁለተኛዋ ነው።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ከመንገድ ሲመጣ አቧራውን ታጥቦ፣ ልጆቹን ስሞ፣ የተገኘውን በልቶ ይተኛል። መብራት ከጠፋ በኋላ ወደ እሷ ይዞራል፤ እንደ ደከመ ሰው፣ እንደሚቸኩል ሰው። እሷ ጣሪያውን እያየች ትጠብቃለች። ጠልታው አይደለም። ዝናብ እስኪያባራ በር ላይ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የምትጠብቀው። አንድ ምሽት ግን፣ ልጆቹ ካደጉ በኋላ፣ እንደ ሁልጊዜው ፊቱን ወዲያ አላዞረም። በክርኑ ተደግፎ ቆየና «አንቺስ?» አላት።

«እኔ ምን?»

«አንቺስ ደስ ይልሻል ወይ? ምን እንደምትወጂ ነግረሽኝ አታውቂም እኮ።»

«የልጆች እናት እንዲህ ያለ ነገር ትጠየቃለች?» አለችውና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከጀርባዋ ትንሽ ሲተነፍስ ሰማችው። ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም። ሕይወቱ እስክታልፍ አንድም ቀን አልጠየቃትም።

ብትመልስለትስ ምን ትለዋለች? የምትወደውን አታውቀውም ነበር። ያወቀችው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው። ቀኑ ዝናባማ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። በሙቅ ውሃ ታጥባ፣ ጀርባዋን የሰበረው የቀኑ ሥራ ለቋት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ተኛች። እጇ በራሷ ፈቃድ ሄደች ለማለት ይቀናታል፤ ግን እሷ ናት የላከቻት። አልቸኮለችም። የሚያቸኩላት አልነበረም። ስንት ዓመት ይዛው የኖረችው ሰውነት ያን ቀን እንደ አዲስ ጎረቤት ስሙን ነገራት። ሲያበቃ አለቀሰች። ያስለቀሳት እፍረት አልነበረም፤ እፍረቱ ገና አልደረሰም ነበር። «ይሄን ነበር ለካ የጠየቀኝ» እያለች ነው ያለቀሰችው።

እፍረቱ የመጣው ሲመሽ ነው፤ ልጅቷ ልጆቿን ይዛ ስትመጣና ትንሿ የልጅ ልጅ እጇን ልትስም ጎንበስ ስትል። እጇን ከትንሿ ከንፈር ሸሸገች። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሳፋ አወጣች፤ ውሃ ሞላች፤ አንድ ክዳን ለካች። ቢያቃጥላትም «ይበለኝ» አለች። ከዚያ በኋላ በሆነ ቁጥር እንዲሁ አደረገች። ደስታው ሲያልፍ ሳፋው ይወጣል። ማቃጠሉ ሲብስ የዕድሜ ነው አለች፤ ደም ሲመጣ ግን ዕድሜ ነው ማለት አልቻለችም። የእጄን ነው ያገኘሁት ብላ አመነች፤ ሆድ ይፍጀው ብላም ያዘችው። ለሐኪም መናገር ማለት እጇን አውጥቶ ማሳየት ነበር።

አሁን ግን ሬዲዮ አጠገቧ ተቀምጣ ስለማታስበው ጣሪያ ታወራለች፤ ያቺ የጀመረቻት ዓረፍተ ነገር ጥጥ ላይ እንደወደቀች መርፌ የት እንደገባች አትታይም። ዳግመኛ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ አለች ፍራሽ ሰፊዋ በልቧ። ሦስተኛው ግድግዳ መቃብር ነው።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሳች።

«ሰዓቱ ሳይደርስ ወዴት ነው?» አለች ሬዲዮ።

«ሳልቀር ልሂድ።»

ልጅቷ ክሊኒኩ በር ላይ ደርሳ ሰዓቷን እያየች ነበር። አብረው ደረጃውን ወጡ። የሐኪሟ ክፍል ደጃፍ ሲደርሱ እናትየው በጣቷ አግዳሚ ወንበሩን አሳየቻት።

«አንቺ እዚህ ቆይ።»

«ለምን? እኔ ካልገባሁ ማን ይነግርልሻል?»

«ምላስ አለኝ» አለችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን ውጤት ይዛ ነበር። ፍራሽ ሰፊዋ ከመቀመጧ በፊት ተናገረች፤ ብትቀመጥ ሐሳቧን ትቀይራለች።

«ጠዋት የነገርኩሽ ውሸት ነው ልጄ። ደሙ ዝናቡ ሳይገባ ነው የጀመረኝ። ሰው የሚባል የለኝም፤ እሱ እውነት ነው። እኔው ነኝ… ለራሴ…» ቀኝ እጇን ከቦርሳው ላይ አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። «ገባሽ አይደል?»

«ገባኝ» አለች ሐኪሟ። አልሳቀችም፤ ዓይኗንም አላሸሸችም። «ያን ጊዜ ያምዎታል?»

«ያን ጊዜ አያመኝም። ስታጠብ ነው የሚያመኝ።»

«በምን?»

«በበረኪና።» ሐኪሟ ብድግ ስትል አይታ ቸኮለች። «ብዙ አይደለም! ለሳፋ አንድ ክዳን ነው። ለፍራሽ ልብስ እንደማደርገው።»

«ለምን እናቴ?»

«እድፍ ነዋ።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር ፊቷ የደከመ፣ በዕድሜ ከፍራሽ ሰፊዋ ልጅ ብዙም የማይበልጥ ሆነ። እናትየውን አስቀመጠቻትና ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ብቻዎን ራስዎን ማስደሰትዎ በሽታ አይደለም፤ በሽታም አያመጣም። በእርስዎ ዕድሜም፣ ከእርስዎ በላይ ባለ ዕድሜም ያለ ነገር ነው። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊነግሩኝ ፈልገው ስለ ራስ ምታት አውርተው የሚሄዱ ስንት እናቶች አሉ። በረኪናው ግን ጎድቶዎታል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የዚያ አካል ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል። ለብ ያለ ንጹህ ውሃ በውጭ በኩል ይበቃዋል። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ምንም እንዳያስነኩት።»

«ታዲያ ደሙ ከሱ ነው?» አለች፤ በጥፋቷ ተስፋ ስታደርግ ራሷን ሰማች።

«የተወሰነው ሊሆን ይችላል። ግን እዚህ ላይ የማህፀንዎ የውስጥ ሽፋን ወፈር ብሎ ይታየኛል። ከሱ ናሙና ወስጄ ማስመርመር አለብኝ። ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሳላውቅ ደህና ነው ማለትም አልችልም። ያኔውኑ መጥተው ቢሆን ኖሮ…»

ሐኪሟ ያንን አልጨረሰችውም። ፍራሽ ሰፊዋ ጨረሰችው፤ በውስጧ፣ በብዙ ዓይነት።

መጋረጃው ተሳበ። አልጋው ላይ ወጣች። ጣሪያው ላይ አንድ የተቃጠለ አምፖል ነበር፤ እሱን እያየች ልትጠብቅ ስትል፣ መጠበቅ ሰለቻት። «እዚያ ጋ ያመኛል» አለች ጮክ ብላ። ሐኪሟ ቆመች። «አሁንስ?» «አሁን ደህና ነው።» «እዚህስ?» «ቀስ በይ እዚህ።» ሐኪሟ ቀስ አለች። በዚህ ምድር ላይ ሰውነቷ ሲነካ እንዲህ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ መሆኑን፣ ስትናገርም የሚሰማት መኖሩን እያሰበች እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ሐኪሟ ሕመሙ መስሏት «አይዞዎት፣ አለቀ» አለቻት።

ልብሷን ከለበሰች በኋላ ሐኪሟ አንድ ቱቦ ቅባት ሰጠቻት። ሆርሞን ያለበትን የናሙናው ውጤት ሳይታወቅ እንደማትሰጥ ነገረቻት፤ ይሄኛው ተራ ማለስለሻ ነው። «ቁስሉ ሲድን ይጠቀሙበታል።»

«ለምን ሲሆን?»

«ለራስዎ ነዋ» አለች ሐኪሟ፤ የሌላ ታካሚ ካርድ ላይ እየጻፈች፣ የሳል ሽሮፕ እንደሰጠች ሁሉ።

ልጅቷ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበረች። ኩርፊያዋ አልለቀቃትም፤ ግን የእናቷን ዓይን ስታይ ቦታ ለቀቀችላት። እናትየው ጎኗ ተቀመጠች። ኮሪደሩ ባዶ ሆኗል፤ በወዲያ ጫፍ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እየወለወለች ወደ እነሱ ትመጣለች።

«ምን አለችሽ?»

«ምንም» የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ነበረች። ስንት ዓመት ያገለገለች ቃል። ዋጠቻትና ቀስ ብላ ነገረቻት። የደሙን ዘመን፣ የሳፋውን፣ የናሙናውን፤ ከሁሉም በፊት የመጣውንም። «ብቻዬን ስሆን ሰውነቴን ነክቼ ነው ብዬ ነው የደበቅሁት» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ልጇን ሳታያት፣ የሚመጣውን ጠበቀች። አታፍሪም ወይ የሚለውን።

የጽዳት ሠራተኛዋ እግራቸውን እንዲያነሱ ጠየቀቻቸው፤ አነሱ፤ ወለወለችና አለፈች።

«የሰርጌ ዋዜማ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?» አለች ልጅቷ።

አታስታውስም።

«ፀጉሬን እየሠራሽልኝ ነበር። ፈርቼ ጠየቅሁሽ። ‹ያማል፤ ቻይው፤ ሁላችንም ችለን ነው› አልሽኝ። ሌላ ነገር አላልሽም፤ ሹሩባዬን ነው አጥብቀሽ የሠራሽው።»

«እንግዲህ… ለኔም እንዲሁ ነበር የተነገረኝ።»

«ቻልኩታ።» ልጅቷ ሳቅ ልትል ሞከረች፤ አፏ እንቢ አለ። «እስከ ዛሬ ያመኛል እማ። ሁለት ልጅ ወልጄም ያመኛል። የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ሁሉም ሴት እንዲህ ነው ብዬ ነበር። አንቺ ነሻ ያልሽኝ።»

ፍራሽ ሰፊዋ ለልጇ ያወረሰቻት አፍንጫዋንና ግትርነቷን ብቻ መስሏት ነበር። በአንዲት ምሽት፣ በአንዲት ቃል፣ ይሄን ሁሉ የሕመም ዓመት እንደሰጠቻት ማን ይነግራት ኖሯል? ይቅርታ ልትላት አስባ ይቅርታው ለዚህ በጣም ትንሽ ሆኖ ታያት።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ነጭ ልብሷን አውልቃ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣችና ቁልፉን በቀዳዳው ከተተች።

«ዶክተር!» አለች እናትየው። ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው።

«እማ፣ ተይ። ሰው ይሰማል» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

ሐኪሟ ቁልፉን ሳታዞር ዘወር አለች። «ምነው እናቴ? የረሱት አለ?»

እናትየው ጉልበቷን ተደግፋ ቆመች፤ የልጇን እጅ ያዘች። ሐኪሟ አንዴ እናትየውን፣ አንዴ ልጅቷን እያየች ጠበቀች። ልጅቷ የረጠበውን ወለል እያየች ነው። አልተነሳችም፤ እጇን ግን አላስለቀቀችም።